ለአሮጌዋ ዲኤክስ የኋላ ጎማ ስንመርጥ

አባቴ ከቤት መውጣት ያቆሙት በአንድ ዓርብ ነው። ሰፈራችን ጅሬን ካለው መስጊድ ጁምዓ ሰግደው ሲወጡ፣ ከሕመማቸው ወዲህ የደከመው ግራ እግራቸው ከዳቸውና በሩ ላይ ወደቁ። ይህ ነው የሚባል ጉዳት አልደረሰባቸውም፤ ክርናቸው ተላጠ፣ ኮፍያቸው አቧራ ነካው፣ በቃ። የጎዳቸው ቀጥሎ የሆነው ነው። አራት ጎረምሶች ብድግ አድርገው ተሸከሟቸውና፣ ባለሱቁም ባለባጃጁም ቆሞ እያየ፣ ዳገቱን ይዘዋቸው ወጡ። አልጋቸው ላይ አስተኝተው፣ «አላህ ያሽርዎት» ብለው፣ ውሃ እንኳን ሳይጠጡ ሄዱ። ደግ ልጆች ናቸው። አባቴ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «እንደ ጆንያ ተሸክመው አስገቡኝ» አሉ።

በማግስቱ ጥቁሩን የጁምዓ ጫማቸውን ጠርጌ፣ በፌስታል ጠቅልዬ አልጋ ሥር እንዳስቀምጠው ነገሩኝ። «ለምን?» ስላቸው፣ «አቧራ እንዳይጠጣ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ከአጥራችን በር ውጭ አልረገጡም። በነጠላ ጫማ ከአልጋ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ አቮካዶው ዛፍ፣ ከዚያ መልሰው ወደ አልጋ። አንድ ዕድሜ ሙሉ ከሸቤ ጅማ በጭነት መኪና ቡና ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው።

እኔ ቶሎ የምገነፍል ሰው ነኝ። እናቴ ወደ አኼራ ከሄደች ቆይታለች፣ ወንድሞቼም ሩቅ ናቸው፤ ስለዚህ የምገነፍለው በእሳቸው ላይ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ከተማው ሁሉ ሥራ ፈትቶ የእርስዎን እግር ነው እንዴ የሚያየው?» እላለሁ።

«አይደለም ኢንተላ ኮ» ይላሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ግን ሲያየኝ እኔ አየዋለሁ።»

 ወጥ ቤት ገብቼ ዕቃ አንኳኳለሁ። እዚያ ብቻዬን ስሆን ነበር ሆዴ የሚባባው፤ እኚህ ሰው እንዲህ በቁማቸው ከሰው ተደብቀው ሊቀሩ ነው እያልኩ።

አቮካዶው ሥር የምትቆመው ነጭ ዲኤክስ ናት። ጡረታ ሲወጡ የገዟት አሮጌ የቤት መኪና ናት፤ ከእኔ ጥቂት ብታንስ ነው። ምኗም አልተነካም። ሬዲዮዋ እንኳን ፋብሪካው የገጠመላት ነው፤ ከአንድ ጣቢያ በቀር አይዝም። መንዳት ያስተማሩኝ በእሷ ነው። ከታመሙ ወዲህ ግን ፍሪሲዮን የሚረግጥ እግር ስለሌላቸው፣ ጠዋት ጠዋት እኔ አስነሳታለሁ፣ እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ድምፅዋን ይሰማሉ። «ደህና ናት» ይላሉ። ከዚያ አጠፋታለሁ። እኔ ሱቅ የምሄደው በባጃጅ ነበር፤ መኪናዋን ይዤ ከበሩ ስወጣ ፊታቸው ላይ የማየውን ነገር ስላልቻልኩት።

ሱቄ ገበያው መሐል ነው፤ ጨርቅ እሸጣለሁ። አንድ ቀን ሁለት ወጣቶች መጥተው ቀይና ነጭ ጨርቅ ቁረጪልን አሉኝ። ለሠርግ መስሎኝ ነበር። ለካ ለመኪና እሽቅድምድም ኖሯል። ወደ ሰርቦ በሚወስደው መንገድ፣ ከተማው ካለቀ በኋላ፣ አዲስ አስፋልት የለበሰ ቀጥ ያለ ቦታ አለ። እዚያ ላይ ፈቃድ አውጥተው ሁለት ሁለት መኪና እያሰለፉ አራት መቶ ሜትር ሊያስሮጡ ነው። «ላልተነኩ መኪኖችም ምድብ አለን» አለኝ አንዱ። «ሞተሩም ካምቢዮውም ፋብሪካ እንዳወጣው፤ መቀየር የሚቻለው ጎማ ብቻ ነው።»

መቀሱ እጄ ላይ ቀረ። ያልተነካ መኪና ከተባለ ጅማ ውስጥ ከእኛዋ በላይ ያልተነካ የለም። ደግሞም አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ ዲኤክሷ የትም ትሂድ፣ እሳቸው ያላዩት ጎማ አይገባባትም። ጎማ ለማየት መጀመሪያ ከበረንዳ መውረድ አለ። ከዚያ ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን ከበሩም ይወጡ ይሆናል። ጨርቁን ሳልጨርስ «መዝግቡኝ» አልኳቸው። ልጆቹ ተያዩ። አንደኛው «በባለቤትሽ ስም?» አለኝ። በራሴ ስም እንደሆነ ጮክ ብዬ ነገርኩት።

ለአባቴ ምሳ ላይ ነገርኳቸው። ጉርሻውን መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት።

«አብደሻል?»

«ገና ነው።»

«የእኔን መኪና? ከጎረምሳ ጋር?» ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው፣ «በየትኛው ጎማ?» አሉኝ።

ቀና ብዬ አላየኋቸውም፤ ደስታዬን እንዳያዩብኝ ፈርቼ።

ዲኤክሷ ከኋላ አድርጋው የነበረው ጎማ የእሳቸው ምርጫ ነበር። ጎኑ ላይ 165/80/13 ይላል። የመጀመሪያው ቁጥር ጎማው ከጎን እስከ ጎን ስንት ሚሊሜትር እንደሚሰፋ ነው፤ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከዚያ ስፋት በመቶ ስንት እንደሆነ ነው፤ መጨረሻው የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። በአጭሩ ቀጭንና ረጅም ጎማ ነው። የሸቤ መንገድ በክረምት ጭቃ በነበረበት ዘመን ቀጭን ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ደረቁን መሬት ያገኛል፤ ረጅም መሆኑ ደግሞ ሆዷ እንዳይነካ ያነሳታል። ሲነፋም እስኪጠነክር ነው። አባቴ በከዘራቸው መታ አድርገው ካልጮኸላቸው «ይህማ ተኝቷል» ይላሉ።

እኔ ደግሞ በስልኬ ሳይ ነው ያመሸሁት። ቀጥታ የሚሮጡት ሁሉ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ትንፋሹ ቀነስ ያለ ጎማ ነው የሚያስሩት። ይህንን ስነግራቸው አባቴ ሳቁ። «ሰፊ ጎማ ጭቃ ላይ ይንሳፈፋል» አሉ።

«አባዬ፣ አስፋልት ነው!»

«አስፋልት አስፋልት አትበዪኝ። ከሥሩ ያለው የድሮው ጭቃ ነው።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ስንከራከር ድምፃችን መንደሩ ይሰማ ነበር፤ ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል «ሰላም ነው?» ብላ ጠየቀች።

ጎሚስታው የመጣው በማግስቱ ነው። ከወልቂጤ በወጣትነቱ መጥቶ ጅማ ላይ የሸበተ ሰው ነው፤ የአባቴን የጭነት መኪና ጎማ ሲያወልቅና ሲያስር የኖረ። ሁለት 205/60/13 ጎማዎች ባጃጅ ላይ ጭኖ ግቢያችን ደረሰ። አባቴን ሲያይ ዓይኑ ውኃ ሞላ፤ ምን ያህል ጊዜ እንዳልተያዩ እኔም ያኔ ነው የገባኝ። «ጠፉ እኮ አባ» አለ። አባቴም ጎማዎቹን እያዩ፣ «እነዚህን ከየት አመጣሃቸው? የትራክተር ናቸው?» ብለው ወሬውን አስለወጡት።

በክሪክ አንስቶ አሰራቸው። ሲያምሩ! መኪናዋ ከኋላ ተደላድላ የቆመች ትልቅ ሴት መሰለች። ግን ጎሚስታውና እኔ ከኋላ ስንቀመጥ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ተፋተገ። ከግቢ አውጥቼ ዳገቱ ላይ ለማስነሳት ስሞክር ደግሞ ሞተሩ አቃሰተ፣ የፍሪሲዮን ሽታ መጣ፣ ጠፋች። ለመንኳት፣ አስነሳኋት፣ እንደገና ጠፋች። አባቴ ከግቢው ውስጥ ሆነው ይሰሙ ነበር። ስመለስ አልሳቁብኝም፤ ይህን ነው የምወድላቸው። «ሞተሯ ትንሽ ነው ኢንተላ ኮ። ይህን ያህል ጎማ መሬቱን ሲይዝባት ታፈነች» አሉ ብቻ።

ያን ቀን ከሱቅ ያመጣሁትን የጨርቅ ሜትር አውጥቼ ጎማዎቹን ዙሪያቸውን ለካሁ። ሰፊው ጎማ መቶ ሰማንያ አንድ ሳንቲ ሜትር ሆነ። የአባቴ ቀጭን ጎማ መቶ ሰማንያ ሰባት። «የእርስዎ እኮ ይረዝማል» አልኳቸው። ሜትሩን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ደገሙት። ከዚያ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«አንድ ጊዜ» አሉ፣ «በጭነት መኪናው ላይ ከልኩ የረዘመ ጎማ አስረውብኝ ነበር። ሜዳው ላይ ትበራለች፤ የሸቤን ዳገት ግን እንደ ኤሊ ነው የወጣሁት። ጎማ ሲረዝም ማርሹም አብሮ ይረዝማል። በአንደኛ ማርሽ ስትነሺ በሁለተኛ እንደተነሳሽ ነው።» ቀጭኑን ጎማቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «እና ይህ ጎማ ሲያዘገየኝ ነው የኖረው ማለት ነው።»

«ጭቃ ውስጥ አላስቀረዎትም እኮ» አልኳቸው።

«እሱስ አላስቀረኝም» አሉ። ጎሚስታውን ቀና ብለው አዩትና፣ «አጠር ያለ ፈልግልን። ብዙም የማይሰፋ» አሉት። ከልባቸው የሚያምኑትን ነገር በሰው ፊት ሲተዉ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ደግሞ ምንም አላሳነሳቸውም፤ እንዲያውም ፊታቸው ፈካ።

185/60/13 የሚል ያገለገለ ጥንድ ከጎሚስታው ሱቅ ጥግ ተገኘ። ዙሪያው መቶ ሰባ ሦስት፤ ከአባቴ ጎማ ስንዝር በማይሞላ ያጥራል። አባቴ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን አድርገው ለስላሳነቱን አዩ። ከፊት ያሉትን ቀጫጭኖች እንዳሉ ተውናቸው፤ ከፊት ሥራቸው መንከባለል ብቻ ስለሆነ ይጠንክሩ ተባለ። የኋለኞቹን ትንፋሽ ስንቀንስ ግን ጭቅጭቁ አገረሸ። ጎሚስታው ቫልቩን ተጭኖ አየሩ እስስስ ሲል፣ አባቴ ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። «በቃ! በቃ! ቸርኬ ላይ ልታስኬዳት ነው?» ጎሚስታው እኔን ያያል፣ እኔ በጣቴ ትንሽ ቀንስ እላለሁ፣ አባቴ ጣቴን ያዩብኛል።

የሙከራው ቀን ከአስር ሰላት በኋላ ከበራችን ፊት ለፊት ዳገቱ ላይ ቆምኩ። ጋዝ ሰጥቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ከኋላ ጎማ ጮኸ፣ አቧራ ተነሳ፣ መኪናዋ ግን እዚያው ናት። ደገምኩት፤ ያው ነው። ወርጄ ልረግማት አፌን ስከፍት ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«የቀኙ ነው! ግራው ቆሟል፣ የቀኙ ብቻ ነው የሚሽከረከረው!»

ዞር አልኩ። አባቴ የአጥሩን በር ከፍተው፣ ብረቱን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ቆመዋል። ነጠላ ጫማቸው ከደጃፉ ወደ ውስጥ ነው። አላለፈም። ግን በሩን ራሳቸው ነው የከፈቱት። ወደዚያ ሮጬ ላቅፋቸው ፈለግሁ፤ ዝም ብዬ «እሺ» አልኩ።

«ጀርባዋ ባዶ ነው» አሉ። «የኋላ ጆንያ ያስፈልጋታል።»

ይህ የኛ አገር ነገር ነው፤ ለሌላ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። በክረምት ከሸቤ ወይም ከሌላ የቡና ከተማ በባዶ መኪና የሚነሳ ሰው፣ አንድ ጆንያ ጀንፈል ከሰው ይቀበላል። ጀንፈል ከነገለባው የደረቀው ቡና ነው። ጆንያው የኋላ ጎማውን ጫን አድርጎ ጭቃውን ያሻግረዋል፤ ባለቡናው ደግሞ ቡናው ጅማ ይደርስለታል። ማንም ማንንም አያስከፍልም። አባቴ ያለ ጆንያ የሄደ የቤት መኪና ሲያዩ ሰውዬው ዘመድ የሌለው ይመስላቸዋል።

ስልኬ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ሁሉም በአንድ አፍ ክብደት ቀንሱ ነው የሚሉት። ወንበር አውጡ፣ ተቀያሪ ጎማ አውርዱ። ይህን ለአባቴ አነበብኩላቸው።

«እነሱ ሸቤን አያውቁም» አሉ።

እንደ ትልቅ ሰው ማሰብ ሲገባኝ፣ ሄጄ ከጎረቤታችን አንድ ጆንያ ጀንፈል ተዋስኩ። የኋላው ኮፈን ውስጥ በስተቀኝ በኩል አስቀመጥነው። እውነትም ዳገቱ ላይ ተነሳች። አንዴም ሳትጮህ።

በዋዜማው ማታ እራት እያቀረብኩ፣ «ነገ አብረን እንሂድ?» አልኳቸው። ስናገረው ድምፄ እንዳይለምን ተጠንቅቄ ነበር።

«ማን ያወርደኛል? ማን ያወጣኛል?» አሉ። «ዲሲ።» ተይው ማለታቸው ነው። «እዚህ ሆኜ ዱዓ አደርግልሻለሁ።»

ተበሳጨሁ፤ ሳህኑን ኳ አድርጌ አስቀመጥኩት። ጎማ ስንመርጥ፣ ስንለካ፣ ስንጨቃጨቅ የከረምነው ለምን ሆነና? አልጋዬ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። ስለ እሽቅድምድሙ እንዳልሆነ መቼም ግልጽ ነው።

በማግስቱ የሰርቦ መንገድ በሰው ሞልቶ ነበር። የመንገዱ ዳር የቡና ማስጫ ስለሆነ ባለቤቶቹ ተለምነው ቡናቸውን አንስተዋል፤ ልጆች በቅጠል ገለባውን እየጠረጉ ነው። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ምንጣፍና ተቀያሪ ጎማ ሲያወርዱ፣ እኔ የኋላውን ኮፈን ስከፍት ጆንያው ታየ። ሳቁ! አንዱ «እህታችን ወደ ገበያ ነሽ?» አለኝ። ከዚያ ጨርቅ የገዛኝ ልጅ መጥቶ፣ በጣም አፍሮ፣ «እቴዬ፣ ዕቃ መጫን ክልክል ነው። ሲፈናጠር ሰው ይጎዳል» አለኝ። «ሰው ከሆነ ግን፣ ቀበቶ አስሮ፣ አንድ ሰው ይፈቀዳል።» ጆንያውን አውርደው መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት ዘንድ አስቀመጡት።

ለአባቴ ደወልኩ። እየጮህኩ ነው የነገርኳቸው። «ጆንያውን አስወረዱኝ! ሰው ነው የሚፈቀደው አሉ፤ እኔ አሁን ማንን ላስቀምጥ?»

 

«ተራሽ መቼ ነው?» አሉ።

«ከምሳ በኋላ።»

«ቶሌ» አሉና ዘጉት። እሺ ማለታቸው ነው፤ ግን ምኑን እሺ እንዳሉ አልገባኝም።

ባጃጇ ስትመጣ ከሩቅ አላወቅኋትም። ከአስፋልቱ ዳር ቆመች፤ መጀመሪያ ከዘራው ወጣ፣ ቀጥሎ ጥቁሩ ጫማ። የጁምዓው ጫማ። አልጋ ሥር ገብተው ፌስታሉን እንዴት እንደጎተቱት እስካሁን አላውቅም። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ኮፍያቸውን አድርገዋል፣ ፊታቸው የሚጣላ ሰው ፊት ነው። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እሳቸውም ሲያያቸው አዩት። 

በሕዝቡ ውስጥ ጡረታ የወጡ የድሮ ሹፌሮች ነበሩ። «ወላሂ እሱ ነው!» እያሉ መጡ። ዲኤክሷ ዝቅ ያለች ስለሆነች ብቻቸውን መግባት አልቻሉም። ሁለት ሽማግሌዎች ብብታቸውን ሊይዟቸው እጃቸውን ዘረጉና መሐል ላይ አቆሙ፤ ያኔ መስጊድ በር የሆነውን ሰምተው ይሆናል። 

አባቴ እጆቻቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ሰጧቸው። «አንሱኝ» አሉ። «ከኋላ፣ በስተቀኝ። የቀኙ ጎማ ላይ።»

አነሷቸው። ቀበቶውን ከወንበሩ ስንጥቅ ውስጥ ቆፍሬ አውጥቼ አሰርኩላቸው፤ ማንም ታስሮበት አያውቅም፣ እንደ አዲስ ነው። ፊቴ ፊታቸው አጠገብ ሲሆን በጆሮዬ፣ «ይህን ያህል ለምን ታጠብቂዋለሽ?» አሉኝ።

«እርስዎን ስለጫንኩ ነው» አልኳቸው።

ከጎናችን የቆመው ሰማያዊ መኪና የአንድ የሰርቦ ወጣት ነበር፤ ሰፊ ጎማ፣ ባዶ ጀርባ። ጋዙን ሲሰጥ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። በመስታወቱ አባቴን አየኋቸው። ወደ ወጣቱ አያዩም፤ ጆሯቸውን ወደ ሞተሯ አዘንብለው እየሰሙ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አቮካዶው ሥር እንደሚያደርጉት። «ጨምሪ» አሉ። «ሱታ… ሱታ…» ቀስ ማለታቸው ነው። ባንዲራው፣ የራሴ ሱቅ ጨርቅ፣ ወደ ላይ ወጣ። ወረደ።

«ቤኑ!» ብለው ጮኹ። እንሂድ ማለት ነው፤ ያን ድምፅ ልጅ ሆኜ ከጭነት መኪናው ላይ ከሰማሁት ወዲህ አልሰማሁትም።

ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁት። ጎማዎቹ መሬቱን ነከሱ፣ ዲኤክሷ ከኋላ ተቀምጣ ተስፈነጠረች። የልጁ መኪና ገለባ ላይ ትጮሃለች፤ ከኋላችን ቀረች! ሁለተኛ ማርሽ፣ አሁንም ፊት ነን። አባቴ በኦሮምኛም በአማርኛም በአንድ ላይ ይጮሃሉ፣ ወንበሬን በመዳፋቸው ይደበድባሉ። ሦስተኛ ስገባ ሰማያዊው መኪና በመስኮቴ በኩል ብቅ አለ፣ ከዚያ በሩ፣ ከዚያ ጀርባው። ትንሽ ሞተር፣ ሁለት ሰው፤ ስልኬ ውስጥ ያሉት ሰዎችም አልዋሹም። መጨረሻው ላይ አንድ መኪና በሚያህል ቀደመን።

መኪናዋን ዳር አቆምኩና መሪው ላይ ተደፋሁ። «ተሸነፍን አባዬ» አልኩ።

«መቼ?» አሉ። «እስከ ግማሹ የኛ ነበር። አላየሽም? ሰውየው አቧራችንን ነው የዋጠው።» ትንፋሽ አጥሯቸዋል፤ ጉንጫቸው እርጥብ ነው። አላበሱትም። እኔም አላበስኩትም፣ የእኔም እንደዚያው ነበርና።

ሹፌሮቹ መጥተው በመስኮቱ በኩል እጃቸውን ሲጨብጡ ቆዩ። ለመሄድ ስንነሳ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ልወስዳቸው አሰብኩ፤ ሰው እንዳያያቸው። «በመሐል ከተማ» አሉኝ። «መስኮቱንም አውርጂው።» ገበያው መሐል ጎሚስታው በር ላይ አስቆሙኝና፣ ከመኪናው ሳይወርዱ፣ ጎማው እንዴት እንደያዘ ለሱ ብቻ ሳይሆን ለመንገደኛው ሁሉ ተረኩ። ቤት እስክንደርስ መጨለሙ አልቀረም።

በረንዳው ላይ አስቀመጥኳቸውና ጫማቸውን ላወልቅ ስንበረከክ ነው ድንገት ትዝ ያለኝ።

«ያ ረቢ! የጎረቤታችን ጆንያ! ሻይ ከምትሸጠው ሴት ጋር ረሳነው።»

«አየሁት» አሉ አባቴ ተረጋግተው። «ስንነሳ እዚያው ነበር። ደህና ሴት ናት፣ ትጠብቀዋለች። ነገ ሄደን እንወስደዋለን።»

«ካዩትማ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ዛሬውኑ ትጭኚው ነበር» አሉ።

ጫማውን ይዤ ወደ ውስጥ ልገባ ስነሳ ከዘራቸውን ዘርግተው ከለከሉኝ። እዚሁ በሩ ላይ እንድተወው ነገሩኝ፤ ጠዋት አልጋ ሥር እንዳይፈልጉት።